“ትንሽ ጭረት ናት”… ለኢንሹራንሱስ ማን ይንገረው?

መኪና ከመኪና ሲነካካ እኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚደወለው ለማን ነው? ይህን ጥያቄ ላገኘሁት ወጣት ሹፌር ሁሉ እጠይቃለሁ። አንዱ “ለወንድሜ” ይለኛል። ሌላው “ለጋራዥ ደንበኛዬ” ይላል። አንዷ ደግሞ እየሳቀች “ለጓደኛዬ ደውዬ አለቀስኩበት” አለችኝ። “ለኢንሹራንሱ” ያለኝ እስካሁን አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለ እሱ ኋላ እነግራችኋለሁ።

የሚገርመው ሁሉም ከፋዮች ናቸው። በዓመት አንዴ ብሩን ቆጥረው ይከፍላሉ፣ ደረሰኙን መሳቢያ ውስጥ ይከታሉ፣ ከዚያ በኋላ ኢንሹራንስ የሚባለው ነገር ትዝ የሚላቸው መኪና ገደል ሲገባ ወይም ሰው ሲሞት ነው። ለተሰበረች ፍሬቻ፣ ለተጣመመ ፓራፋንጎ፣ ለረገፈ ስፖኪዮ መልሱ “ደግሞ ለዚህ!” ነው።

ጎበዝ፣ ችግሩ የሚጀምረው እዚችው “ደግሞ ለዚህ” ላይ ነው።

አንዲት የማውቃት የጎንደር ልጅ ነበረች። ፒያሳ ላይ ከቆመችበት ወደ ኋላ ስትወጣ ከኋላዋ የነበረ ሞተረኛ ነካች። ሰውየው ወደቀ፣ ተነሣ፣ ሱሪውን አራገፈ። “እህቴ፣ ምንም አልሆንኩም፤ ለመስተዋቷ ብቻ ክፈይኝ” አላት። ከፈለችው። ተመሰጋግነው ተለያዩ። እሷም በዚያው ሳምንት የተሰበረውን የኋላ መብራቷን አስቀየረችና ነገሩን ረሳችው። ሁለት ወር ቆይቶ መጥሪያ መጣላት። ለካስ ያ ሰው በወደቀበት እጅ የእጁ አንጓ ተሰብሮ ኖሯል። መጀመሪያ ወጌሻ ጋ ሄዶ ታሸ፤ አልሆን ሲለው ሆስፒታል ገባ፤ አጥንቱ ተጣሞ ስለገጠመ ሥራውን መሥራት አልቻለም። “አጭበርባሪ አይደለም፣ እጁን በዓይኔ አይቼዋለሁ” ብላኛለች ራሷ።

ሮጣ ኢንሹራንሷ ጋ ሄደች። የተጠየቀችው ቀላል ጥያቄ ነበር። አደጋው መቼ ደረሰ? ለምን ያኔ አልነገርሽንም? የፖሊስ ሪፖርቱስ? የተሰበረው መብራት የታለ? አንዱም በእጇ የለም። ለወራት ደጅ ከጠናች በኋላ ደከማትና ዕቁቧን አውጥታ ከሰውየው ጋር በሽማግሌ ጨረሰች። የሰውየው እጅ ግን እስከ ዛሬም እንደ ድሮው አልሆነም።

እስቲ ሕጉን እንየው። አጭር ነው፤ አትሽሹ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን መድን የገባ ሰው አደጋ መድረሱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው ማስታወቅ አለበት ይላል፤ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ካላገደው በስተቀር። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ ከድሮው ብዙው ክፍል ተሽሯል፤ ስለ መድን የሚናገረው ግን ባለበት ቀርቷል። ስለዚህ አምስቷ ቀን ዛሬም አምስት ቀን ናት። አንዳንድ ሰው “ሁለት ዓመት ጊዜ አለኝ” ሲል እሰማለሁ። ሁለት ዓመቱ ሌላ ነው። እሱ ከመድን ውል የሚነሣ የይገባኛል ጥያቄ በይርጋ የሚቀርበት ጊዜ ነው። ማስታወቂያውና ክሱ አይምታቱባችሁ።

ሌላም የሚምታታ አለ። ማስታወቅ ማለት ካሳ መጠየቅ ማለት አይደለም። ብዙ ወጣቶች የማይነግሩት “ዓመቱን ያለ አደጋ ስጨርስ የምትቀነስልኝ ብር ትቀርብኛለች” ብለው ነው። ስሌቱ ገብቶኛል። ለሦስት ሺህ ብር ጥገና ብሎ የሚቀጥለውን ዓመት ክፍያ ማስወደድ ሞኝነት ሊሆን ይችላል። ታዲያ “እንዲህ ያለ ነገር ደርሷል፣ የራሴን መኪና ራሴ አሠራለሁ፣ ግን እወቁልኝ” ብሎ መጻፍ ይቻላል እኮ! ቅናሹን ይነካ እንደሆነ እዚያው ጠይቁ። የራሳችሁን ፓራፋንጎ ከኪሳችሁ ማሠራት መብታችሁ ነው። የሌላውን ሰው ጉልበት ግን ዛሬ በዓይን አይታችሁ ዋጋ ልትቆርጡለት አትችሉም።

አሁን ወደዚያ “ለኢንሹራንሱ” ወዳለኝ ልጅ እንሂድ። ጓደኛዬ ነው። ጎንደር ማራኪ አካባቢ ይኖራል። ከወንድሙ ጋር ተጋግዘው የገዟት አንዲት ያገለገለች ቪትዝ አለችው፤ ሙሉ ሽፋን አስገብቶላታል። ጥር 15 ቀን 2014 ዓ.ም. እሑድ ዕለት ለአጎቱ ልጅ ሠርግ ወደ ሳንጃ ሲወርድ እኔም የኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ።

ለማታውቋት፣ ሳንጃ የታች አርማጭሆ ከተማ ናት። ከጎንደር ደጋ ተነሥታችሁ በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ሁመራ የሚወስደውን መንገድ ስትይዙ፣ ቁልቁል ስትወርዱ፣ ብርዱ እየቀረ ጃኬቱ እየወለቀ ትደርሱባታላችሁ። በዚያ መንገድ ሰሊጥ የጫነው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ከብቱ፣ እግረኛው ሁሉ አብሮ ነው የሚሄደው። አይሱዙን ሹፌሮቻችን “አልቃይዳ” ብለው የሰየሙት ያለ ምክንያት አይደለም መቼም።

ከሠርጉ ቤት ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ፊት ለፊታችን አንድ አይሱዙ መንገዱን ሞልቶ መጣ። ጓደኛዬ ወደ ዳር ሸሸለት። ዳር ላይ ሰው ሊያወርድ የቆመ ባጃጅ ነበር። ቀጭ! የእኛ የቀኝ ፓራፋንጎ የባጃጁን ኋላ ገጨው። ገና ሊወርድ አንድ እግሩን ያወጣው የባጃጁ ሹፌር ወደ ጎን ተወርውሮ በጉልበቱ መሬት ላይ አረፈ። አይሱዙው አቧራውን አልብሶን ሄደ።

ልጁ የ19 ወይም የ20 ዓመት ቢሆን ነው። ተነሥቶ መጀመሪያ ያየው ጉልበቱን ሳይሆን ባጃጁን ነው። ባጃጁ የእሱ አይደለም፤ ለባለቤቱ በቀን ገቢ የሚያስገባበት ነው። “ጌታው ምን ይለኛል?” የሚለውን ነው ደጋግሞ ያወራው። “አንተስ ደህና ነህ?” ስንለው “እኔማ ምን እሆናለሁ” አለን። ይቺን መልስ አስታውሷት። ሞተረኛውም ያላት ይችኑ ነበር።

ሰው ተሰበሰበ። ዳሱ ቅርብ ስለነበር ሦስት አባቶች ጋቢያቸውን እያስተካከሉ መጡ። የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ይመስላችኋል? “አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?” ጓደኛዬ አባቱን ተናገረ፣ አያቱን ተናገረ። የባጃጁ ልጅም ተናገረ። ዝምድና ተቆጠረና ሁለቱ በአንድ ቅድመ አያት በኩል ተገናኙ! በቃ፣ ነገሩ ያለቀ መሰለ። “ዘመድ ከዘመድ ፖሊስ አይጠራራም” አሉ ታላቁ። “ሁለት ሺህ ብር ይስጠው። ወረቀት ይጻፍ፣ እኛ እንፈርማለን። ሙሽራው ሳይገባ ዳሱ ገብተን እንቀመጥ።” አንድ ተማሪ ከደብተሩ ቅጠል ገንጥሎ መጻፍ ጀመረ። “እኔ… በራሴ ጥፋት በመግጨቴ… ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊነቱን ወስጄ…”

እዚህ ላይ ጓደኛዬ እጁን አነሣ።

“አባቴ፣ አይቀየሙኝ። ልጁን ዛሬውኑ አሳክማለሁ። ይቅርታም እጠይቀዋለሁ። ‘በራሴ ጥፋት’ የምትለዋን ግን መፈረም አልችልም።”

ዝም ተባለ። ሽማግሌ ፊት እንዲህ ማለት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው አባት ፊታቸው ጠቆረ። “ታዲያ ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው? የዚህ የቆመው ልጅ?”

“የእሱ አላልኩም። የእኔ ይሁን የአይሱዙው ወይም የሁለታችን፣ እሱን የሚያየው አለ። እኔ ኢንሹራንስ አለኝ፤ ሳልነግራቸው ጥፋቴን አምኜ በብር ከተስማማሁ ‘እኛ አናውቅም’ ሊሉኝ ይችላሉ። ነገ ይህ ልጅ ጉልበቱ ቢያብጥ፣ አልጋ ቢይዝ፣ እኔ ከየት አምጥቼ ላሳክመው ነው?”

ያረታቸው ይሄ የመጨረሻው ነው። ስለ ራሱ ኪስ ቢሆን ኖሮ የሚሰሙት አይመስለኝም። ታላቁ አባት ልጁን አዩት፣ ጉልበቱን አዩት፣ ከዚያ ለተማሪው “እንግዲያ ቅደደው። እንደሆነው ጻፍ” አሉት።

ወረቀቱ እንደሆነው ተጻፈ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ሁለቱ ሰሌዳዎች፣ ከፊት የመጣ አይሱዙ እንደነበረ፣ ባጃጁ ቆሞ እንደነበረ፣ የትኛው አካል የትኛውን እንደነካ፣ ልጁ በጉልበቱ እንደወደቀ። ማን አጠፋ የሚል ቃል የለበትም። ሽማግሌዎቹ በምስክርነት ፈረሙ፤ እኔም ፈረምኩ። ዕርቁ አልቀረም ነበር፤ ሁለቱ ተሳሳሙ። ጠላውም ተጠጣ፣ እርግጥ መሪ በማይዘው በእኔ ብቻ!

ይህን ነገር በሰፊው የነገርኳችሁ በምክንያት ነው። በብዙ የመድን ውል ውስጥ ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋትን ማመን፣ ለመክፈል ቃል መግባት፣ መስማማት ክልክል ነው የሚል አንቀጽ አለ። ውሉ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ የሚያነበው የለም። በሌላ በኩል ደግሞ ባህላችን “ይቅርታ” የማይል ሰው አይወድም። ብዙ ወጣት ሁለቱ የሚጋጩ ይመስለውና ወይ እንደ ድንጋይ ዝም ይላል፣ ወይ ያገኘውን ሁሉ ይፈርማል። ሰውን መርዳት፣ ማዘን፣ የሆነውን እንደሆነ መናገር ማንም አልከለከለም። የሚከለከለው በኩባንያው ስም ፍርድ መስጠት ነው። አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችሁን ብትጠይቁ መኪናቸው ውስጥ የሚይዙት አንድ የጋራ ቅጽ አለ። ሁለቱ ሹፌሮች እዚያው መንገድ ዳር ሞልተው ሁለቱም ይፈርሙበታል፤ አንዳንድ ቅጂ ይዘው ይለያያሉ። ፊርማው የሆነውን መመስከር እንጂ ጥፋትን ማመን አይደለም። የሳንጃው አባት “እንደሆነው ጻፍ” ሲሉ ያንኑ ነው ያሉት፤ ቅጹን ሳያዩት።

ከዚያስ? እሑድ ስለሆነ የጎንደሩ ቅርንጫፍ ዝግ ነው። ጓደኛዬ መኪናው ከቦታዋ ሳትነሣ በስልኩ ፎቶ አነሣ፤ ከሩቅ፣ ከቅርብ፣ ሰሌዳዎቹን፣ የጎማውን ዱካ። ኔትወርክ ያገኘበት ቦታ ሲደርስ ለውክልና ሠራተኛው ደወለ፤ አላነሣም፤ አጭር መልእክት ላከለት። ይቺ መልእክት ርካሽ ናት ግን ቀንና ሰዓት አላት። ትራፊክ ፖሊሱም ተጠርቶ መጣ፤ ሜትሩን ዘርግቶ ፕላን አነሣ። ልጁ ወደ ሆስፒታል ተወሰደና ታየ፤ ማስታገሻ ተሰጠው፤ የሕክምና ወረቀቱ ቅጂ ተያዘ። ሰኞ ጧት ጎንደር ቅርንጫፉ ሲከፈት በር ላይ ነበርን።

የአደጋ ማስታወቂያው ቅጽ ሲሞላ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የእኛ አገር ጉድ ነውና። ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው፣ የፖሊሱ ሪፖርት በአማርኛ። ፖሊሱ “ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ጥር 15” ብሏል። ቅጹ ላይ ደግሞ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍ ብሎ 3 ሰዓት፣ ጃንዋሪ 23 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ቁጭ ብሎ ፋይሉን ለሚያገላብጥ ሰው ግን አንዱ ወረቀት 9 ይላል፣ ሌላው 3። አንዳንዱ ሞልቶት የሚመጣው ደግሞ ጃንዋሪ 15 እያለ ነው፤ ወሩን ከፈረንጅ፣ ቀኑን ከእኛ! ፋይሉ ለማጣሪያ ተመልሶ ይጓዛል፣ እናንተ ወር ትጠብቃላችሁ። ስለዚህ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፉ፣ “ከሰዓት በኋላ” የምትለዋንም ጨምሩ። ፖሊስ ጋ የተናገራችሁትና እዚህ የምትጽፉት አንድ ይሁን። ስንት እየነዳችሁ እንደነበር ካላወቃችሁ ቁጥር አትፍጠሩ። “ይመስለኛል” እያላችሁ ደግሞ ልብ ወለድ አትጻፉ።

መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የመድኑ ወረቀት፣ የፖሊስ ሪፖርት ይጠየቃል። መኪናዋ ኩባንያው የላከው ሰው ሳያያት ጋራዥ አትገባም። ይሄ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። የተበላሸ ነገር ታቅፎ መዞር ያሳፍራል፣ በተለይ ለወጣት፤ በዚያው ቀን ባትላሜራው ጋ ተወስዳ ተቀጥቅጣና ቀለም ተቀብታ ታድራለች። ታዲያ የቱን ጉዳት አይተው ይክፈሉ? የተሰበረውን ዕቃም አትጣሉ፤ ሊፈልጉት ይችላሉ። ከዚያ ከጋራዦች ፕሮፎርማ ይመጣል። ከሚፈቀደው ላይ ከኪሳችሁ የምትችሉት የተወሰነ ብር አለ፤ ለአሮጌ መኪና አዲስ ዕቃ ሲገባ ደግሞ የእርጅና ተብሎ ይቀነሳል። ጓደኛዬ እዚህ ላይ በጣም ተናዶ ነበር። ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ቢሆንም ንዴቱ ገባኝ።

ልጁስ? በአምስተኛው ሳምንት ደወለልን። ደረጃ መውጣት አልቻለም። ሳንጃ ሆነው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ላኩት። የጉልበቱ ጅማት ተጎድቷል ተባለ። ፋይሉ ግን አስቀድሞ ተከፍቶ ነበር፤ የመጀመሪያው ቀን የሕክምና ወረቀት አለ፣ ፕላኑ አለ፣ የሽማግሌዎቹ ወረቀት አለ። “ጉልበትህ ከሠርጉ በኋላ ኳስ ስትጫወት ያመመህ ቢሆንስ?” የሚለው ሰው አልነበረም። ኩባንያው የሕክምናውንም የባጃጁንም ወጪ ተቀብሎ አስተናገደ። ቶሎ ነው እንዳልላችሁ፣ አራት ወር ገደማ ፈጅቷል። በሚቀጥለው ዓመት የጓደኛዬ ቅናሽም ቀርታለች።

እዚህ ላይ መስተዋታችሁ ላይ የምትለጥፏትን የሦስተኛ ወገን ስቲከር ላንሣ። እሷ የእናንተ አይደለችም። የእናንተን መኪና ቆርቆሮ አታሠራም፣ መሪ የያዘውንም አታሳክምም። የተሠራችው ለባጃጁ ልጅ፣ ለሞተረኛው፣ መንገድ ለምትሻገር እናት ነው። መጀመሪያ በ2000 ዓ.ም.፣ ከዚያ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ግዴታ የሆነችው ለዚህ ነው። አዋጁ ሲወጣ ለአካል ጉዳትና ለሞት ካሳ እስከ 40,000 ብር፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር ጣሪያ አስቀምጦ ነበር። ጣሪያው በየጊዜው ሊሻሻል ስለሚችል ውል ስታድሱ የዛሬውን ጠይቁ። ገጭቶ ላመለጠ መኪና ተጎጂ እንኳ ከመድን ፈንድ ካሳ እንዲያገኝ ሕጉ አስቦበታል። እንግዲህ በሁለት ሺህ ብር ጥላ ሥር ተስማምታችሁ ዝም ስትሉ፣ ኪሳችሁን ያዳናችሁ ይመስላችኋል እንጂ ከዚያ ልጅ እጅ ላይ የእሱን ወረቀት ነው የቀማችሁት። እሱ ደግሞ ወረቀቱ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ከትልልቆች ጋር ስታወሩ “ኢንሹራንስ ሲያስከፍል እንጂ ሲከፍል አይታይም” ይሏችኋል። ታሪክ አላቸው። ኩባንያዎቹ በ1967 ዓ.ም. ከተወረሱ በኋላ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥቱ የመድን ድርጅት ብቻውን ነበር፤ የግል የተፈቀደው በ1986 ዓ.ም. ነው። አንድ በር ብቻ ሲኖር ያ በር ሲዘጋ ሰው የሚሄድበት አልነበረም። ዛሬ በሩ ብዙ ነው፤ ወሬው ግን ያው ነው። እኔ እንደማየው ከሆነ ካሳ ካጡት ውስጥ ቀላል የማይባለው ሰው ያጣው በራሱ መዘግየት ወይም ለማይሆን ሰው መሪ በመስጠቱ ነው። መንጃ ፈቃድ ለሌለው ወንድም “እስኪ ትንሽ ለማመድ” ብሎ መስጠት፣ በቤት መኪና ሠርገኛ በሒሳብ መጫን፣ ጠጥቶ መንዳት… ይሄን ከሠራችሁ ቶሎ ማስታወቁም አያድናችሁም።

አንድ ጥያቄ ከአካባቢው ልጆች ደጋግሞ ይመጣል። “መንገድ ቢዘጋስ?” በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ መንገድ የተዘጋበት፣ ኔትወርክ የጠፋበት ቀን ብዙ ነው። ሳንጃ ላይ መኪናው ተነክቶ አምስት ቀን ሙሉ ጎንደር መግባት ያልቻለ ሰው ምን ያድርግ? ሕጉ “ከአቅም በላይ” ያለው ለእንዲህ ያለው ነው። ግን ማስረጃ ይፈልጋል። ስለዚህ እዚያው ፖሊስ ጋ ወይም ቀበሌ ሄዳችሁ ያላችሁበትን ቀንና ምክንያት አስጽፉ፣ ማኅተም አስመቱበት። ስልክ የሠራላችሁ ሰዓት መልእክት ላኩ፤ ጎንደር ያለ ዘመድም በእናንተ ስም ሄዶ ቃል መስጠት ይችል እንደሆነ ጠይቁ። መንገዱ በተከፈተ ማግሥት ደግሞ ራሳችሁ ግቡ እንጂ “እንግዲህ አልፏል” ብላችሁ አትቅሩ። በነገራችን ላይ በጥይት የተበሳ በር ከዚህ አይቆጠርም። ጦርነትና ሁከት ከተራው የመኪና ውል ውጭ ሆኖ ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው፤ ለብቻው የሚገዛ ሽፋን አለው።

ቅጹን ስታስገቡ ቅጂ ይኑራችሁ። ቅጂው ላይ የተቀበላችሁ ሠራተኛ ቀኑን ጽፎ ይፈርምበት፣ ማኅተም ካለ ይምታበት። “ችግር የለም፣ እናውቅሃለን” ቢላችሁም በፈገግታ ጠብቁ እንጂ አትውጡ። ጥያቄያችሁን አንቀበልም ካሉም በቃል አትቀበሉ፤ ምክንያቱ የውሉ ስንተኛ ቁጥር እንደሆነ ተጠቅሶ በደብዳቤ ይሰጣችሁ። ደብዳቤውን ይዛችሁ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም ኩባንያዎቹን ወደሚቆጣጠረው ወደ ብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ትችላላችሁ። ፍርድ ቤቱም አለ፤ ያቺን የሁለት ዓመት ይርጋ ግን ቀን ቁጠሩላት። የጓደኛዬ ቅጂ እስከ ዛሬ የቪትዟ ኮክፒት ውስጥ፣ ከዚያች የደብተር ቅጠል ጋር ታጥፋ ተቀምጣለች።